የወገን ስምና የሀገር ስም

በሱዳን ርእሰ ከተማ በካርቱም፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተምዕራብ፣ ጎዳናዎቹ በስም ሳይሆን በቁጥር የሚጠሩበት ዐማራት የሚባል ሰፈር አለ፤ ከኢትዮጵያ አዲስ የመጣ ሰው፣ ልሳነ ዐረብን የተማረ ካልሆነ በቀር፣ ይህን ስም በሰማ ጊዜ ሰፈሩ በዐማራ ሕዝብ ስም የተሰየመ ይሆን ብሎ ይጠይቃል። እኔም በዚያ በኖርሁባቸው ዓመታት ይህንኑ ጥያቄ ከብዙ ሰው አፍ ሰምቻለሁ፤ በኅሊናዬ የቀረው ግን ጥያቄው ሳይሆን የጠያቂዎቹ ፊት ነው፤ አንዱ የአባቶቹን አሻራ በሰው ሀገር ያገኘ ያህል ፊቱ ሲበራ፣ ሌላው ደግሞ ጠልቶት የወጣው ነገር ከፊቱ ቀድሞ የጠበቀው ያህል ይጠቁር ነበር። ቃሉ በዐረብኛ ፎቅ ቤቶች ማለት ነው፤ ከማንም ነገድ ጋር ዝምድና የለውም። በአንድ የሕንፃ ስም የአንዲት ሀገር ልጆች እንዲህ በደስታና በቅሬታ ከተለያዩ፣ በሀገራቸው ስም፣ በታሪካቸውና በሰንደቅ ዓላማቸው ምን ያህል እንደሚለያዩ መገመት አያዳግትም፤ ዛሬ ብዕር ያነሣሁትም ስለዚሁ ነገር ነው።

የሰፈሩ ባለቤት ሱዳናዊው ግን ይህን መለያየታችንን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ለእርሱ ሁላችንም ሐበሽ ነን፤ በመንገድ ዳር በርጩማ ዘርግታ በጀበና ቡና የምትሸጠው የጎንደር ልጅም፣ ወጡን ዚግኒ ብሎ ለሱዳናውያን የሚያቀርበው የመቀሌ ሰውም፣ በሰው ቤት ተቀጥራ የምታገለግለው የወለጋ ልጅም፣ የአሥመራው ልብስ ሰፊም በእርሱ ዐይን የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ከሻ የሚሉት አፈሳ በመጣ ጊዜም እንዲሁ ነበር፤ የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሁሉ፣ ወገኑ ሳይጠየቅ፣ በአንድ መኪና ላይ ይጫን ነበር። ባዕድ የሚያወጣልን የወል ስም ግን ገና ፍቅረ ሀገር አይደለም፤ ፍቅረ ሀገር የሚጀምረው ሰው ማንም ሳያስገድደው የሌላውን ሸክም ተሸክሞ ሲገኝ ነው። በዐማራት አንድ ኢትዮጵያዊ በሞት በተለየ ጊዜ አስከሬኑን ወደ እናቱ ቀዬ ለመላክ ይደረግ የነበረውን መዋጮ ያየ ሰው ይህን ያውቃል፤ መዝገብ ይዞ የሚዞረው ሰው የሟቹን ስም ይናገር ነበር እንጂ ዘሩን ሲቈጥር አልሰማሁም፤ ሰጪውም አይጠይቅም ነበር፤ ይሰጥ ነበር እንጂ። በበዓል ቀን ግን እነዚያው ሰዎች ልሙጡ ባንዲራ ይሰቀል ወይስ ኮከብ ያለበት እየተባባሉ ይኳረፉ ነበር። በሞት አንድ የሆነ ሕዝብ በበዓል የሚለያየው ለምንድን ነው? እያልሁ ለብዙ ጊዜ አውጥቻለሁ፣ አውርጃለሁ።

ይህን ባወጣሁ ባወረድሁ ቁጥር ወደ ልቡናዬ የሚመጣው የእንግሊዞች ነገር ነው፤ ካርቱምም የእነርሱ እጅ ያረፈባት ከተማ ናትና። ጄኔራል ኪችነር በ1890 ዓ.ም ማብቂያ በኦምዱርማን ድል ካደረገ በኋላ የፈረሰችውን ካርቱም እንደ ገና ሲያሠራ የጎዳናዎቿን ንድፍ በብሪታንያ ሰንደቅ ዓላማ አምሳል አወጣው ተብሎ ይነገራል። የራሱን ዓርማ በሌላው ሕዝብ መሬት ላይ በጎዳና ልክ እስከ መቅረጽ የደረሰ ሕዝብ ስለ ማንነቱ የሚጠራጠርበት ቀን ይመጣል ብሎ በዚያን ዘመን ማን ያስብ ነበር? ዛሬ ግን እንግሊዛዊው በገዛ ቤቱ ተቀምጦ እኔ ማን ነኝ ብሎ የሚጠይቅ ሆኗል።

የጥያቄው መነሻ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1707 እንግሊዝና ስኮትላንድ በአንድ ፓርላማ ሥር ሲዋሐዱ ታላቋ ብሪታንያ የሚል ስም ወጣ፤ ነገር ግን እንግሊዞቹ በቁጥርም በሀብትም የበዙ ስለ ነበሩ የራሳቸውን ስምና የመንግሥቱን ስም ለይተው የሚጠሩበት ምክንያት አልነበራቸውም፤ መንግሥቱ እነርሱ፣ እነርሱም መንግሥቱ ነበሩ። እኛም ከእነርሱ ተምረን መላዋን ብሪታንያ በአማርኛ እንግሊዝ እንላታለን፤ ይህም ስኮትላንዳዊውን ምን ያህል እንደሚያስቀይመው አናስብም። ከዚያ በኋላ ዘመኑ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1948 ኤምፓየር ዊንድረሽ የተባለችው መርከብ ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ መንገደኞችን በቲልበሪ ወደብ አወረደች፤ በየዘመኑም ከሕንድ፣ ከፓኪስታንና ከአፍሪካ የመጡ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ተከተሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ስኮትላንድ ፓርላማዋን፣ ዌልስም ምክር ቤቷን አገኙ። ሁሉም የየራሱን ስም ይዞ ሲቆም እንግሊዛዊው የእኔ የብቻዬ ስም የቱ ነው ብሎ ዘወር አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 የዓለም ዋንጫ ዌምብሌይ ላይ ሲካሄድ የእንግሊዝ ደጋፊዎች ያውለበለቡት የመላዋን ብሪታንያ ሰንደቅ ነበር፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በተደረገው የአውሮፓ ዋንጫ ግን፣ እዚያው ሜዳ ላይ በነጭ መደብ ቀይ መስቀል ያለበት የቅዱስ ጊዮርጊስ ዓርማ በዝቶ ታየ።

በእነዚህ ሁለት ጨዋታዎች መካከል ሌላ ነገርም ደርሶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1968 በበርሚንግሃም ከተማ ፖለቲከኛው ኢኖክ ፓወል መጻተኞችን የሚያስፈራና የሚያስጠላ ንግግር አደረገ፤ ከእርሱም በኋላ እንግዳ ጠሎች ሰንደቁን ይዘው አደባባይ ስለ ወጡ፣ ደጉ ሰው ከእነርሱ ጋር እንዳይቈጠር ሲል ሰንደቁን ጥሎ ሸሸ። ደራሲው ጆርጅ ኦርዌል እ.ኤ.አ. በ1941፣ ለንደን በቦምብ ስትደበደብ፣ የሀገሩ ሊቃውንት በሀገራቸው ያፍራሉ ብሎ በመጽሐፍ ወቅሷቸው ነበር፤ እኔ በዚህ ነገር ከኦርዌል ጋር ነኝ፤ ደግ ሰው በኀፍረት የተወውን ሰንደቅ የሚያነሣው ክፉ ሰው ነውና። የስደተኛው ልጅም፣ ለንደን ተወልዶ ለንደን ያደገው፣ ብሪታንያዊ ነኝ ለማለት አይቸገርም፤ እንግሊዛዊ ነኝ ለማለት ግን ምላሱ ይያዛል፤ አንዱ የዜግነት፣ ሁለተኛው የደም ስም መስሎ ይታየዋልና። ዓርማው የሚውለበለብለት ሰማዕት ግን በልዳ ምድር የከበረ እንጂ የእንግሊዝ ተወላጅ አልነበረም። እነርሱ በዓሉን በራሳቸው አቈጣጠር ሚያዝያ 23 ቀን ያከብሩታል፤ እኛም በራሳችን ሚያዝያ 23 ቀን እናከብረዋለን፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም በዐድዋ ሠራዊቱ የተማጠነው ፍጡነ ረድኤት፣ ከልዩ ልዩ አውራጃ የዘመተውን ሁሉ እንደ አንድ ቤተሰብ እንደ ረዳው አባቶቻችን ሲያስተምሩን ኖረዋል።

የእንግሊዝን ነገር ያስረዘምሁት የዐማራው ነገር በዚያ መስተዋት ውስጥ ጐልቶ ስለሚታየኝ ነው። ዐማራውም እንደ እንግሊዛዊው ልሳኑ የመንግሥት ልሳን ስለ ነበረ፣ የራሱን ስም ከሀገሩ ስም ለይቶ የመጥራት ልማድ አልነበረውም። አገርህ ወዴት ነው ሲባል ጎጃም፣ ጎንደር፣ ወሎ፣ መንዝ ይል ነበር፤ ከዚያ በላይ ሲጠየቅ ኢትዮጵያ ይላል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ስም የሚጠራው እምብዛም ነበር። በ1983 ዓ.ም የመንግሥት ለውጥ ሆኖ ሁሉም በብሔር በብሔሩ እንዲቆም በታዘዘ ጊዜ፣ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በቴሌቪዥን ቀርበው ከአቶ መለስ ዜናዊ ጋር ሲከራከሩ፣ ዐማራ የሚባል ራሱን የቻለ ጐሣ የለም ማለታቸው የማይረሳ ነው፤ በ1984 ዓ.ም ደግሞ ሌላው ታላቅ ምሁር፣ የቀዶ ሕክምናው ሊቅ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ፣ የመላው ዐማራ ሕዝብ ድርጅትን መሠረቱ፤ ስለዚሁም ታስረው፣ ጤናቸው ታውኮ፣ በ1991 ዓ.ም በባዕድ ሀገር ዐረፉ። ሁለቱም ኢትዮጵያን የሚወዱ ነበሩ፤ አንዱ የለም ያሉትን ሁለተኛው ሊያድኑት ተነሡ።

እኔ እንደማምነው የፕሮፌሰር መስፍን ነገር ስለ ትናንት ብዙ እውነት ነበረው፤ ነገር ግን በበደኖና በአርባ ጉጉ በወገኑ ስም ተለይቶ ለሞት የተነዳን ሰው፣ ስምህ የለም ማለት ከመግደል ቢያንስም ከማጽናናት የራቀ ነው። ገዳዩ የሰጠህን ስም ወዳጅህ ሊነፍግህ አይገባውም። ስለዚህ ዐማራው ዛሬ በስሙ ቢጠራ፣ ስለ በደሉም በስሙ ቢጮኽ፣ እንግሊዛዊው የጊዮርጊስን መስቀል አንሥቶ እንግሊዛዊ ነኝ ማለቱ ነውር እንዳልሆነ ሁሉ፣ ይህም ነውር አይደለም። ከዚህ በኋላ የሚያስተው መንገድ ግን ሁለት ነው፤ አንደኛው፣ ስሜን ካገኘሁ ሀገሪቱ ምን ታደርግልኛለች ብሎ ከሰፊው ቤት ወደ ጓዳ መግባት ነው፤ ሁለተኛው፣ ሰፊው ቤት ድሮም የእኔ ብቻ ነበር፤ ሌላው እንግዳ ነው ማለት ነው። እነዚህ ሁለቱ ተቃራኒዎች ይመስላሉ እንጂ የአንድ ስሕተት ሁለት ገጾች ናቸው።

በዚህ ላይ እውነቱን ሳንሸሽግ ልንናገር ይገባናል። ኢትዮጵያዊነት ማለት እኔን መምሰል ነው የሚል ሐሳብ በሥርዐተ መንግሥታችን ውስጥ ለረዥም ዘመን ኖሯል። ተማሪ ቤት ሲገባ ስሙ በመዝገብ የተለወጠበት የኦሮሞ ልጅ፣ በአፉ መፍቻ ቋንቋ ሳይሆን በአስተርጓሚ ጉዳዩን በዳኛ ፊት ያቀረበ የሲዳማ ገበሬ፣ በገዛ ርስቱ ላይ ገባር የሆነ የደቡብ ሰው፣ የሀገሪቱን ስም ሲሰማ እኔ የሚሰማኝ ሙቀት ባይሰማው ከሐዲ አያሰኘውም። ዛሬ እርሱ ያንን ዘመን በሚያስብበት ልብ እኔ የበደኖን ዘመን አስባለሁ። ሁለታችን እርስ በርሳችን ልናዝን ስንችል፣ የማነው ቁስል ይበልጣል በሚለው ክርክር ስንት ዓመት አጠፋን!

ይህ የቁስል ክርክር ገና ሳይታሰብ፣ ካርቱም ራሷ የኢትዮጵያዊነት ትልቅ ትምህርት ቤት የሆነችበት አንድ ዓመት ነበረ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በባዝ ከተማ ከአራት ዓመት ስደት በኋላ በሰኔ 1932 ዓ.ም ማብቂያ ካርቱም ሲደርሱ፣ ሠራዊትም ግምጃ ቤትም አልነበራቸውም፤ በዚያ የነበሩት የእንግሊዝ ሹማምንትም አመጣጣቸውን በደስታ አልተቀበሉትም ነበር። ጣልያን በያዘው ሀገር ውስጥ ላሉት አርበኞች ወሬ የሚያደርስ አንድ የአማርኛ ጋዜጣ ግን እዚያው ካርቱም መታተም ጀመረ፤ የማስታወቂያውን ሥራ የሚመራው ጋዜጠኛው ጆርጅ ስቲር ነበር፤ የጋዜጣውም ስም ባንዲራችን ይባል ነበር። ከነፃነት በኋላ በአዲስ አበባ የወጣው ጋዜጣ ቃሉን ወደ ግእዙ መልሶ ሰንደቅ ዓላማችን ተባለ። እኔን ሁልጊዜ የሚነካኝ በስሙ መጨረሻ ያለችው ትንሽ ቅጥያ ናት፤ በባዕድ ከተማ፣ ሀገር በሌለበት ቀን፣ የእኛ ሲሉ እነማንን ማለታቸው ነበር?

መልሱን የዘመኑ አርበኞች ስም ይናገራል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም በጣልያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ከኤርትራ የመጡ ወጣቶች ነበሩ፤ ወደዚሁ ወደ ሱዳን ለመሻገር ሲጓዙም በመንገድ ላይ ወደቁ። ከካርቱም ተነሥቶ በድብቅ ጎጃም ገብቶ አርበኞቹን የጎበኘውና ለንጉሠ ነገሥቱ የነገረው ሎሬንሶ ታዕዛዝ የአካለ ጉዛይ ልጅ ነበር። ጎጃም ላይ በላይ ዘለቀ፣ ሸዋ ላይ አበበ አረጋይ በረሃ ሲገቡ፣ በወሊሶ በኩል ጠላትን ያስጨነቀው ገረሱ ዱኪ ኦሮሞ፣ በኦጋዴን የተዋጋው ዑመር ሰመተር ሶማሌ ነበሩ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም በኡም ኢድላ ድንበር ላይ ሰንደቁ ሲሰቀል ከንጉሡ ጋር የነበሩት የሱዳን ወታደሮችና ግመል ነጂዎችም፣ በረሃውን አቋርጠው፣ የእነርሱ ላልሆነች ሀገር ደከሙ። እንግዲህ የእኛ የሚለው ቃል በዚያን ቀን የደም ቈጠራ አልነበረም፤ አብሮ ለመውደቅ የተስማሙ ሰዎች ቃል ነበር።

ስለ እንግሊዞችም ፍርዴ ያልጐደለ እንዲሆን አንዲት ሴት መጥቀስ ይገባኛል። ሲልቪያ ፓንክረስት ጣልያን አዲስ አበባ በገባበት በ1928 ዓ.ም ስለ ኢትዮጵያ ነፃነት የሚከራከር ጋዜጣ በለንደን አቋቁማ፣ የራሷን መንግሥት በአደባባይ እየወቀሰች ለዓመታት ጻፈች፤ በኋላም ወደ አዲስ አበባ መጥታ እዚሁ ኖረች፤ በመስከረም 1953 ዓ.ም ዐርፋ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጽር በአርበኞች መካከል ተቀበረች። እንግሊዛዊነቷን አልካደችም፤ ሀገሬ ፍትሕ ታድርግ ብላ የጮኸች እንግሊዛዊት ነበረች። ሀገርን መውደድ ማለት የሀገርን ጥፋት መሸፈን አይደለም የሚለው ነገር ከቃል ይልቅ በእርሷ ሕይወት ይታያል። ኦርዌል የወቀሳቸው ሊቃውንት በሀገራቸው አፍረው ሸሹ፤ እርሷ ግን ባፈረችበት ነገር ላይ ተነሥታ ሠራች፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ሱዳን ራሷስ? በ1948 ዓ.ም ነፃ በወጣች ጊዜ በውስጧ የነበሩትን ነገዶችና ልሳኖች ሁሉ የሚያቅፍ ስም ነበራት፤ ገዥዎቿ ግን ሀገሪቱ በአንድ ልሳንና በአንድ ሃይማኖት ብቻ ትታወቅ ዘንድ ደከሙ። ደቡቡ አመፀ፤ በየካቲት 1964 ዓ.ም በአዲስ አበባ የተፈረመው ስምምነት ለዐሥር ዓመት ያህል ሰላም ሰጥቶ ፈረሰ፤ ሌላ ረዥም ጦርነት ተከተለ፤ በመጨረሻም ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም ደቡብ ሱዳን ለብቻዋ ወጣች። መሐመድ ዋርዲ፣ ከሰሜን የተገኘው ኑቢያዊ ድምፃዊ፣ በዐረብኛም በኑቢያኛም ሲያዜም ሱዳን በሙሉ የእኔ ይለው ነበር፤ አዲስ አበባም የእኔ ትለው ነበር፤ ዘፋኙ የቻለውን ነገር መንግሥቱ ሳይችል ቀረ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም በካርቱም የተነሣው ጦርነት ደግሞ ዐማራትን ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ በመሆኑ ገና ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በተኩስ መካከል አደረገው። ያ በቁጥር የሚጠራ ጎዳና፣ ያ የቡና ረከቦት፣ ያ የመዋጮ መዝገብ ሁሉ ተበተነ።

ከዚያ የወጣነው አብዛኞቻችን በገላባት አድርገን መተማ ገባን። መተማ፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም ዐፄ ዮሐንስ ራብዓይ የወደቁባት ስፍራ ናት፤ የተንቤን ተወላጅ የሆኑት ንጉሥ ጎንደር ስለ ተቃጠለች፣ አብያተ ክርስቲያናቷም ስለ ፈረሱ፣ ከትውልድ አገራቸው ርቀው በምዕራብ ድንበር ራሳቸውን ሰጡ። ከትግራይ ተነሥቶ ስለ ጎንደር መሞት በእርሳቸው ዘመን ማስረጃ የሚሻ ነገር አልነበረም፤ በእኛ ዘመን ግን በ2013 ዓ.ም የተነሣው ጦርነት የትግራይንና የዐማራን ልጅ ፊት ለፊት አቁሞ፣ በዐሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ስደተኞችን በዚያው በሱዳን ድንበር በሐምዳይትና በኡም ራኩባ መጠለያዎች አሰፈረ። እኛም ከካርቱም እሳት ሸሽተን መተማ ከደረስን ሦስት ወር ከጥቂት ቀን በኋላ፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም ማብቂያ፣ በዐማራ ክልል ውጊያው ተስፋፍቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

ስለዚህ በሁለቱም ወገን ለቆማችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ የምለው አለኝ። ዐማራው በስሙ ሲጠራ የሰማችሁ ሌሎች ወገኖች፣ አትደንግጡ፤ ስሙን ያነሣው ተገድዶ ነውና ቁስሉን አድምጡለት፤ ከእናንተም ቁስል ጋር አታወዳድሩት። አንተም ዐማራው ወንድሜ ስምህን ያዝ፤ ነገር ግን የአባትህን የኢትዮጵያ ፍቅር ለአንተ ብቻ የተሰጠ ርስት አድርገህ አትያዘው፤ ልሙጡ ባንዲራ በእጅህ ሲውለበለብ፣ የአካለ ጉዛዩ ሎሬንሶ፣ የወሊሶው ገረሱና የኦጋዴኑ ዑመር የሞቱለትና የደከሙለት መሆኑን ለልጅህ በየስማቸው ንገረው። በካርቱም የነበራችሁና ዛሬ በአዲስ አበባ፣ በጎንደር፣ በካይሮም የተበተናችሁ ደግሞ፣ የሟች መዋጮ ስትሰበስቡ ዘር የማትጠይቁበትን ያንን ልማድ አትተዉት፤ በመጪው በዓል የቆመውን ወገን ሁሉ፣ ኮከብ ያለበትን የያዘውንም ልሙጡን የያዘውንም፣ በአንድ ረከቦት ዙሪያ አስቀምጡት።